ሜዲኬርን «ይቅርብኝ» ያልኩ ለት

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ሰው ቤት ገብታችሁ ገና ከመቀመጣችሁ «ምሳ ይቅረብ?» ስትባሉ ምን ትላላችሁ? «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ነው የምትሉት። ሆዳችሁ እየጮኸ «በልቻለሁ» ትላላችሁ። ባለቤቱም አያምናችሁም። «ኧረ በሞቴ!» ይላል። እናንተም «ኧረ አይገባም» ትላላችሁ። ሦስተኛ «አፈር ስሆን!» ሲል፣ እንግዲህ ለሱ ስትሉ፣ ሰውየውን ከአፈር ለማትረፍ ብላችሁ እጃችሁን ትታጠባላችሁ። ከዚያ ማዕዱን ጠራርጋችሁ ትነሳላችሁ። እኔ እንደዚህ ነው ያደግሁት። ዐይኔን ሊያሳጣኝ የነበረውም ይኸው አስተዳደጌ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያትል መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ ኖሬያለሁ። አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ባልደረባዬ አንድ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ነበር። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ የሱን አላውቅ፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ለሁለታችንም ባዳ። እሱ ሁለቱን ጫፍ፣ እኔ ሁለቱን ጫፍ ይዘን ወደ መሀል እንመጣለን፤ እጃችን ሲገናኝ ፈገግ እንባባላለን፤ ከዚያ ሌላ አንሶላ። ይህን ያህል ዓመት ከሚስቴ ጋር እንኳ እንዲህ ሳንጣላ አልኖርኩም። ጡረታ ስወጣ የናፈቀኝ እሱ ነው። አሁን እቤቴ አንሶላ የማጥፈው አንዱን ጫፍ የበሩ እጀታ ላይ ቋጥሬ ነው።

ቤቴ ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሚስቴ ወርቅነሽ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ልጄ ሰሎሞን ከሲያትል ወጣ ብሎ ኦበርን ነው የሚኖረው፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ እሑድ እሑድ ይደውላል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለኝ መስኮቴ ነው። በመስኮቱ ሁለት ውሻ የሚጎትት ሰውዬ ያልፋል፤ እንደውም ውሾቹ ናቸው እሱን የሚጎትቱት። ሁልጊዜ አውቶቡስ የሚያመልጣት ወፍራም ሴትዮ አለች፤ አንድ ቀን ስትደርስበት ብቻዬን አጨበጨብኩ። እነሱ አያውቁኝም። እኔ ግን ዘመድ አድርጌያቸዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ውሾቹ ሦስት ሆኑብኝ። «ሰውየው አንድ ጨመረ» ብዬ ደስ አለኝ። በነጋታው ሴትዮዋ ሁለት ሆነች። ይኼኔ ነው የጠረጠርኩት። ዐይን ሐኪም ዘንድ ስሄድ መብራቱን ወደ ዐይኔ ደቅኖ ብዙ ሲያይ ቆየና «ሞራ ነው» አለኝ። ግራው ብሷል፣ ቀኙም እየተከተለው ነው። ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው፤ ሆስፒታል አያስተኛም፣ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት መውጣት ነው። ከዓመት በላይ ከቆየ ግን ኃላፊነት አልወስድም አለ። የሆቴሉ ኢንሹራንስ ከሥራዬ ጋር አብሮ አልቋል። «ስንት ዓመትህ ነው?» አለኝ። ስልሳ አምስት ልሞላ ነው ስለው «እንግዲያው ምን ትጨነቃለህ? መንግሥት ይከፍልልሃል፤ ሄደህ ሜዲኬር የሚባለውን የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ ተመዝገብ» ብሎ ሸኘኝ።

ከዚያ መጥቼ መስኮቴ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ዐይኔ ከጠፋ ሰውየውም፣ ውሾቹም፣ ሴትዮዋም ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ እቤት ውስጥ የሚቀረው እኔና የበሩ እጀታ ብቻ ነው። ፈራሁ። ሰው ፊት ቢሆን «ፈርቼ አላውቅም» እል ነበር፤ የሚያየኝ ሰው ስለሌለ ግን እንደ ልቤ ፈራሁ።

በነጋታው ክራባት አስሬ የጡረታ ቢሮ ሄድኩ። መንግሥት ቤት ያለ ክራባት አይገባም፤ ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ቁጥር ይዤ ከተቀመጥኩ በኋላ የጠራችኝ አንዲት ጥርሰ ፍልቅልቅ ወጣት ናት። በስሜ ጠራችኝ፤ አቶ የለ፣ ጋሼ የለ። ጠረጴዛዋ ላይ ከረሜላ የሞላበት ሳህን አለ። «ከረሜላ ትወስዳለህ?» አለችኝ። «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩና ትደግመኝ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ። ለራሷ አንድ አንስታ ልጣ ጎረሰችና ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ይህ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እኔ ግን አልገባኝም።

ቅጹን እየሞላች አስረዳችኝ። ይህ ሜዲኬር የሚሉት ሁለት ነገር ነው። ፓርት ኤ ሆስፒታል ተኝተህ ስትታከም ነው፤ እሱን ሠርቼ ስላገኘሁት በራሱ ይመጣል። ፓርት ቢ ሳትተኛ ለምትታከመውና ለሐኪሙ ነው፤ እሱ የሚመጣው ከፈለግኸው ብቻ ነው። የኔ ዐይን የማያስተኛ ሕክምና መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ እኔ ክራባት ያሰርኩት ለቢ ነው።

«ፓርት ቢ ትፈልጋለህ? በየወሩ ከጡረታህ ትንሽ ይቆረጣል» አለችኝ።

ልቤ «እንዴታ!» አለ። አፌ ግን ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ የለመደው ሌላ ነው። «ኖ፣ ኖ፣ ይቅርብኝ፤ አላስቸግርሽ» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

ሁለተኛው ዙር መጣ ብዬ ደስ አለኝ። እንዲያውም ጥሩ ቤተሰብ ያሳደጋት ልጅ ናት አልኩ በልቤ። «ሹር፣ ሹር» አልኳትና፣ እንግዳ እንደሚያደርገው ዐይኔን ወደ ጣሪያው አንስቼ ለሦስተኛው ጊዜ ሰጠኋት። ሦስተኛው ነው እንግዲህ ዋናው። ለሱ የምሰጠውን መልስ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» ልል።

«ኦኬ!» አለችና አንዲት ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። «እዚህ ጋ ሳይን አድርግ።»

ሳይን አደረግሁ። ምን እንደሚል ማንበብ አልቻልኩም፤ ፊደሉ ጉንዳን ነው፣ ዐይኔ ደግሞ ያው ዐይኔ ነው። መሳሳቴን አላወቅኩም ብላችሁ ታምናላችሁ? ስወጣ እንኳ ሦስተኛውን በደብዳቤ ነው የሚልኩልኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መንግሥት ነው፣ ሥራ ይበዛበታል።

ካርዱ በፖስታ መጣ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው፤ ስሜ ተጽፎበታል። አንድ ወር ሙሉ በደረት ኪሴ ይዤው ዞርኩ፣ ሲዘንብ እጄን ጫን እያደረግሁበት። ለማን ላሳየው? በመጨረሻ ለእትዬ አሰለፈች ወስጄ አሳየኋቸው።

እትዬ አሰለፈች እዚያው ሰፈራችን ኮሎምቢያ ሲቲ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ባልቴት ናቸው፣ ከኔ በአንድ ዓመት ይበልጣሉ፣ ጴንጤ ናቸው። እኔ ዓርብ ዓርብ ሱቃቸው እሄድና በጾም ጉዳይ እንከራከራለን። እስካሁን እሳቸውም ጾም አልጀመሩ፣ እኔም አልተውኩ። ካርዱን ተቀብለው መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ሆስፒታል ይላል። ሜዲካሉ የታለ?»

«የምን ሜዲካል?»

«የሐኪሙ ነዋ! ቢው! የኔ ላይ ሁለት መስመር ነው ያለው፣ ይኸው። የእርስዎ አንድ ብቻ ነው። አልሞሉም እንዴ?»

«ጠይቃኝ ነበር» አልኩ። «ይቅርብኝ አልኳት።»

«ለምን?»

«ትደግመኛለች ብዬ።»

እትዬ አሰለፈች መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ የሽሮውን ከረጢት ደገፍ ብለው መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ወደ እንባ ሄደ፣ እንባቸው ወደ ቁጣ ተመለሰ። «አንቱ ሰውዬ! መንግሥት ግብዣ የጠራዎ መሰለዎት? እግዚኦ! ካፍ ከወጣ አፋፍ አሉ!» ብለው ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አወጡ። ልደቴ ካለበት ወር በኋላ ያለኝ ሦስት ወር ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ የሚመጣውን ጥር መጠበቅ ነው፤ በጥር ተመዝግቤም የሚጀምርልኝ በሐምሌ። ቆጠሩልኝ፤ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው።

«እስከ ሐምሌ ዐይንዎ ይጠብቅዎታል?» አሉኝ።

ካርዱን ተቀብዬ ደረት ኪሴ ከተትኩ።

«እኔ ራሴ ስንቴ ምሳ እንብላ ብያለሁ! ሁልጊዜ በልቻለሁ ይሉኛል። እውነት መስሎኝ ነው እኮ የምተውዎ!»

«አንድም ቀን በልቼ አላውቅም» አልኩ።

ወደ ቤቴ በሰባት ቁጥር አውቶቡስ ስመለስ (ሰባት መሆኑን ሹፌሩን ጠይቄ ነው) ይህ ነገር ሆዴ ገባ። ስንት ነገር ነው እንዲህ ያመለጠኝ? ከሁሉ የባሰውን ልንገራችሁ። የወርቅነሽ ተዝካር ካለፈ በኋላ ልጄ ሰሎሞን «አባባ፣ ከኛ ጋ ሙቭ አድርግ፤ ሩም አለን» አለኝ። «አይ ልጄ፣ እኔ ምን ጎድሎኝ» አልኩት። በዚያው ቀን ማታ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሻንጣው ውስጥ እያወጣሁ ለበስኩ። ሰሎሞን ግን አልደገመም። ይህን አገር ሲረግጥ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እምቢ ሲሉት እምቢ ማለት ይመስለዋል። በሦስተኛው ሳምንት ልብሴን መልሼ ሰቀልኩ። ተቀየምኩት፤ አምስት ዓመት ሙሉ ልጄን የተቀየምኩት በራሴ መልስ ነው።

እንዲህ ካወቅሁ እንግዲህ ጠጋ ብዬ «ፓርት ቢ ስጡኝ» ማለት ብቻ ነው የቀረኝ አይደል? ማክሰኞ ሄድኩ። ያን ቀን የደረሰኝ አንድ መላጣ ሰውዬ ነው። «ምን ልርዳህ?» አለኝ።

«አይ ምንም፣ እንዲያው ነው» አልኩት። አፌን ልመታው ምንም አልቀረኝ።

«እንዲያው?»

«ስለ ፓርት ቢ ነው። ሥራ ከበዛብህ ግን…»

«ሥራዬ እኮ ይኼ ነው። ልጨምርልህ?»

«እንደ ፈቀድክ።»

«እኔ ልወስንልህ አልችልም። ትፈልጋለህ፣ አትፈልግም?»

በዚህ መሀል ከኋላዬ ያለች ሴት የታቀፈችው ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ሕፃን እያለቀሰ እኔ ስለ ራሴ ዐይን ላውራ? «እሷን አስቀድማት፣ እኔ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» አልኩና ተነሣሁ። ሴትዮዋ አመሰገነችኝ፣ ሰውየውም አመሰገነኝ፤ በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ ሳይቀር ጥሩ ሰው ነህ አለኝ። እንደዚያ ተመስግኜ ባዶ እጄን ወጣሁ።

እትዬ አሰለፈች ይህን ሲሰሙ የሱቁን በር ዘጉ። «ይቀመጡ» አሉኝ። ባንኮኒው ላይ አንድ ቆርቆሮ ብስኩት አኖሩ። «አሁን እኔ የጡረታ ቢሮ ነኝ። አንዴ ነው የምጠይቀው። ብስኩት ይፈልጋሉ?»

«አይ፣ አሁን በልቼ…»

ባንኮኒውን በጥፊ አሉት። «ታወሩ! የሚቀጥለው! ብስኩት ይፈልጋሉ?»

«ኧረ አይገባም…»

«ታወሩ! ብስኩት ይፈልጋሉ?»

«እርስዎ ካሉ…»

«አላልኩም! ጠየቅኩ እንጂ! የስ በሉ!»

እንዲህ ስንል ቆየን። ሁለት ደንበኞች መጥተው በመስታወቱ አይተውን ተመለሱ። ምን እንዳሰቡ እግዜር ይወቀው። በአሥራ አንደኛው ዙር ዐይኔን ጨፍኜ «የስ!» አልኩ። እትዬ አሰለፈች «ሃሌ ሉያ!» ብለው ብስኩቱን አፌ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ስምንት ጊዜ ደገምን፤ ስምንት ብስኩት በላሁ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ ብስኩቱ ቅቤ አለበት። ይህን ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም፤ ለእናንተ ነገርኳችሁ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ደረስኩ። የደረሰችኝ ያች የመጀመሪያዋ ወጣት ናት። ገና ሳልቀመጥ «የስ» አልኳት።

«ምን የስ?»

«ፓርት ቢ። የስ።»

ሳቀችና መዝገቡን ፈልጋ አገኘችኝ። አዲስ ቅጽ አወጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ለት ሞኙም ወረቀቱም እኔው ጋ ነበሩ። አፌ ከተከፈተለት ወዲያ አልዘጋ አለ።

«አድራሻህ ያው ነው?»

«የስ።»

«አሁንም ሥራ ላይ ነህ?»

«የስ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጡረታ ወጥተሃል ይላል እኮ።»

«የስ፣ የስ፣ ወጥቻለሁ።»

«ባለትዳር ነህ?»

«የስ።»

«የባለቤትህ ስም?»

«ወርቅነሽ።»

እየጻፈች «የተወለደችበት ቀን?» አለችኝ። ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ከአምስት ዓመት ወዲህ ስለ ወርቅነሽ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስሟ ደግሞ በዚያ ቅጽ ላይ በትልልቁ ተጽፎ አየሁት፤ ከነሞራዬ አየሁት። እንዲሠርዙት አልፈለግሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም ብል፣ በወረቀት እንኳ ባለትዳር ሆኜ ብቀር ምን አለበት ብዬ አሰብኩ።

«ሞታለች» አልኩ በመጨረሻ። «ይቅርታ። የስ ማለት እየተለማመድኩ ነው።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማዘኗን ነገረችኝ። ከዚያ በወርቅነሽ ስም ላይ ቀጭን መስመር አሠመረች፤ ቀስ ብላ ነው ያሠመረችው። ከረሜላውንም ሳትጠይቀኝ ወደኔ አስጠጋችው። ሁለት አነሳሁ። ፓርት ቢም ተመዘገበልኝ፤ ዘግይቼ ስለመጣሁ የሚጀምረው ከሦስት ወር በኋላ ነው ተባለ።

ሦስት ወሩ አለፈና ዐይን ሐኪሙ ቀን ቆረጠልኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ነርሷ ግን ደወለች። «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማን ነው የሚወስድህ?»

«በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

«አይቻልም። ዐይንህ ይታሸጋል። የሚወስድህ ሰው ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናትም ብቻህን መሆን የለብህም። ከሌለህ ቀጠሮውን እንሰርዘዋለን። ሰው አለህ?»

ይህ ከፓርት ቢ የከበደ ጥያቄ ነው። እትዬ አሰለፈች መኪና አይነዱም፤ የሚኖሩትም ከሱቁ ጓዳ ነው። ፊሊፒናዊው የት እንዳለ አላውቅም። «አለኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እኔ ለልጄ ደውዬ አላውቅም፤ እሱ ነው የሚደውለው። ዐይኔን እንዳመመኝም አያውቅም። ደወልኩ።

«አባባ? ምን ሆንክ? ዛሬ እኮ ሰንዴይ አይደለም!»

«ዐይኔን ልታከም ነው። በደንብ ማየት ካቆምኩ ሰነበትኩ።»

«ዋት? ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅኸኝም።»

«አባባ፣ በየሳምንቱ ኮል አድርጌ እንዴት ነህ እልህ የለ እንዴ? ደህና ነኝ ትለኛለህ!»

«አንዴ ነዋ የምትጠይቀኝ።»

የመጋዘኑ ማሽን ከኋላው ሲያጓራ ይሰማኛል።

«ሶ፣ ስንቴ ልጠይቅህ ነበር?»

«ሦስቴ» አልኩት። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ ቀጠልኩ። «ያኔ ከኛ ጋ ግባ ስትለኝም እምቢ አላልኩም ነበር። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ስጠብቅህ ነበር።»

ማሽኑ ብቻ ነው የሚሰማው። ስልኩን የዘጋው መስሎኝ «ሰሎሞን?» አልኩ።

«አለሁ» አለ። «አባባ፣ ሩሙ እኮ… አሁን የህሊና እናት ናቸው ያሉበት። አምና ከዳላስ መጡ።»

የሚስቱ እናት መሆናቸው ነው። «ስንቴ ጠየቃችኋቸው?»

«አንዴ። ህሊና ኮል አድርጋ ጠየቀቻቸው፣ በነጋታው ኤርፖርት ፒክ አደረግናቸው።»

እኚህን ሴት አይቼያቸው አላውቅም፤ ግን ያን ሰዓት ቀናሁባቸው። አምስት ዓመት የተቀየምኩበትን ክፍል በአንድ ቃል ወስደውታል።

ሰሎሞን ቀጠለ። «ሊቪንግ ሩም ውስጥ ሶፋ አለ። ግን አባባ፣ አጭር ነው፣ እግርህ ይወጣል፣ ልጆቹም በጠዋት ቲቪ ይከፍታሉ፣ ምናልባት ላይመች…»

«እሺ» አልኩት።